ሀብሉን ሸጬ ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠውስ?

በጾመ ነቢያት ለደረሱን የአንባቢዎች ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናታችን ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት። ያኔ የአንገት ሀብሏ ጠፋ። በአርባዋ ቀን ዘመድ በተሰበሰበበት ታናሽ እህቴን «አንቺ ነሽ የወሰድሽው» አልኳት። እያለቀሰች ወጣች፤ በዚያው ተኳርፈን ቀረን። ከሁለት ዓመት በኋላ ሀብሉን አገኘሁት። እናቴ በጥልፍ ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታው ኖሯል፤ ቀሚሱ ደግሞ የተቀመጠው እኔው ሳጥን ውስጥ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የነቢያትን ጾም በየዓመቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ንስሐ አባቴ ጋ ግን ቀርቤ አላውቅም። ዘንድሮ ለገና መቁረብ እፈልጋለሁ። ሀብሉን ሸጬ ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያን ብሰጥና ለንስሐ አባቴ ብቻ ብናገር አይበቃም? (አንዲት እህት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይበቃም። ሀብሉ ያንቺ ብቻ አይደለማ። የእናታችሁ ነው፣ እህትሽም ድርሻ አላት። የሰው ድርሻ ያለበትን ዕቃ ሸጦ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ መክተት ምጽዋት አይባልም። መመጽወት ከፈለግሽ ከራስሽ ኪስ አውጪ።

ደግሞም እህትሽ የተወሰደባት ወርቅ አይደለም፣ ስሟ ነው። እስኪ አስቢው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በየሰርጉና በየለቅሶው ስትገባ አንዷ አክስት ቦርሳዋን ጠጋ አድርጋ ትይዛለች። እህትሽ ይህን ታያለች። ምናልባትም ለዚህ ብላ ከዘመድ ቤት ቀርታ ይሆናል።

ጾሙን የነቢያት ጾም የምንለው ነቢያቱ የጌታን መምጣት በተስፋ እየጠበቁ ስለጾሙ ነው። ከእነሱ አንዱ ኢሳይያስ ነው፤ በምዕራፍ 58 ላይ ሕዝቡ «ጾምን፣ ለምን አላየኸንም?» እያሉ ሲያማርሩ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታት እንደሆነ ይነግራቸዋል። «መፍታት» የምትለዋን ቃል ልብ በያት። በእኛ ቋንቋ ጾምም ይፈታል፣ ሰውም ይፈታል። ካህን ስናገኝ «ይፍቱኝ አባ» እንላለን፣ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉናል። ታኅሣሥ 29 አንቺ ጾምሽን በዶሮ ወጥ ትፈቻለሽ፤ እህትሽ ግን ከዚያ ከአርባው ቀን ጀምሮ እንደታሰረች ናት። ፈቺዋ ደግሞ አንቺ ነሽ።

መጥምቁ ዮሐንስም እንዲሁ ነው። የጌታን መንገድ ሊያዘጋጅ የመጣው እሱ አይደል? ሕዝቡ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ስለ እንባና ስለ ስሜት አልነገራቸውም። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አለ። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮቹን ደግሞ «ማንንም በሐሰት አትክሰሱ» አላቸው። ሉቃስ 3 ላይ አለልሽ፣ አውጥተሽ አንብቢው። ለየሰው የተነገረው ያ ሰው የበደለበት ነገር ነው። የአንቺ የቱ እንደሆነ እኔ ልንገርሽ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። መጀመሪያ ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ። «ምን ይሉኛል?» ብለሽ ከሆነ የቆየሽው፣ እሳቸው ከዚህ የከበደ ሰምተዋል፤ የሰሙትንም አያወጡም። ብቻ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቂ። ያን ሰሞን ግቢው ይሞላል፣ አባቶች ከዛፉ ሥር ቆመው ወረፋው እስከ በሩ ይደርሳል፣ የሰባት ዓመት ነገር ደግሞ በቁም አያልቅም። ተቀምጣችሁ ነው መነጋገር ያለባችሁ። ስግደቱን፣ ጸሎቱን፣ ምጽዋቱን፣ ቀኖናውን እንደ አቅምሽ እሳቸው ይሰጡሻል። ለገና ትቆርቢ እንደሆነም የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፣ እኔ በመጽሔት ላይ አልወስንልሽም።

ከዚያ እህትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ሀብሉን ይዘሽ። እዚህ ላይ በጣም የምለምንሽ ነገር አለ። «ይቅር እንባባል» እንዳትዪ። ይህ አነጋገር ሁለት ሰው ሲበዳደል ነው የሚያምረው፤ እሷ አንቺን ምን በድላ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? «በድዬሻለሁ» በያት። ከዚያ ሀብሉን የት እንዳገኘሽውና ለስንት ዓመት እንደደበቅሽው ሳትቀንሺ ንገሪያት። እውነቱን ሳትናገሪ ሽማግሌም አትላኪ፤ ሽማግሌዎቹ እሷንም አንቺንም እኩል ሊመክሩ ነው የሚመጡት።

ነገሩ እንደማይቀል ከራሴ አውቀዋለሁ። አንድ ወቅት ጎረቤቴን የውኃ መስመር ነካካብኝ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። በኋላ ሲቆፈር ቧንቧው የተሰበረው እኔው ግቢ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ሄጄ ለመናገር አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ እጄን ለማንኳኳት አንስቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሰውየው እጣቢ ሊደፋ ወጣና አገኘኝ። «ቡና ደርሷል፣ ግባ» አለኝ። አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ሳይቀዳ ተናገርኩት። ሲኒውን ይዞ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ብዙ ያለቀሰችው ሚስቴ ናት፣ ለእሷም ንገራት» ብሎ ከጓዳ ጠራት። ለእሷ መንገሩ ለእሱ ከመንገር በጣም ከበደኝ።

ስለዚህ የሰሙት ዘመዶችም አሉ። በዚያ ቀን የነበሩትን፣ በተለይ ነገሩን የሚያራግቡትን ሦስት አራት ሰዎች ደውለሽም ሆነ ሄደሽ «ሀብሉ እኔ ጋ ነበር፣ እህቴን በሐሰት ነው የወነጀልኳት» በያቸው። በአደባባይ የጠፋ ስም በጓዳ አይመለስም። እህትሽ ያኔውኑ ይቅር ላትልሽ ትችላለች። በሩንም ልትዘጋብሽ ትችላለች። ጊዜዋን ስጫት፣ ለገና ብለሽ አታጣድፊያት።

ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉትን ሦስት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ እንላቸዋለን። የብርሃን እሑድ ምስባኩ፣ ማለትም ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው የዳዊት መዝሙር ቃል፣ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ነው፤ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ ማለት ነው። የዚያን እሑድ ስታስቀድሺ ዲያቆኑ ሲሰብከው ስሚው። ቀሚሱን ሳጥንሽ ውስጥ ትተሽ መምጣትሽን ታስታውሺዋለሽ።

ጥያቄ፦ ጾሙ ከገባ ጀምሮ አንድም ቀን አልጾምኩም። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ብጀምር ትርጉም አለው ወይስ ራሴን ማታለል ነው? (አንድ ወንድም፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጀምር ወንድሜ፣ ዛሬውኑ። ከህዳር 15 የሚጀምረው ጾም ውስጥ ከ40ው ቀን ሌላ ሦስት ቀን እንዳለ ታውቃለህ? እነዚህ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ 62ኛ ፓትርያርክ ከነበረው ከሶርያዊው አብርሃም ጋር የተያያዙ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ የግብፁ ገዥ «እምነታችሁ እውነት ከሆነ ተራራውን አንቀሳቅሱ» ብሎ ሲያስጨንቃቸው ሕዝቡ ሦስት ቀን በጾምና በእንባ ቆየ፤ በካይሮ አጠገብ ያለው የሙቀጠም ተራራም ተነሣ። ተአምሩ በእሱ በኩል እንደሚፈጸም ለፓትርያርኩ የተጠቆመለት ሰው ደግሞ ስምዖን የሚባል፣ በቆዳ ሥራ የሚተዳደር፣ ለችግረኞች ውኃ የሚቀዳ ምስኪን ነበር። ሦስት ቀን ነው እንግዲህ። አንተ ሁለት ሳምንት አለህ።

ጥያቄ፦ ሳዑዲ በሰው ቤት ነው የምሠራው። ቤተ ክርስቲያን የለም፣ የምበላውን አልመርጥም፣ ንስሐ አባቴም አገር ቤት ናቸው። የኔ ጾም ጾም ነው? (አንዲት እህት)

መልስ፦ ነው፣ እህቴ። ከነቢያቱ አንዱ ዳንኤል እንዳንቺው በሰው አገር፣ በሰው ቤት ነበር። ቤተ መቅደስ አልነበረውም። መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። አንቺም ሥራሽን ጨርሰሽ በርሽን ስትዘጊ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አዙሪና አባታችን ሆይን ድገሚ። የሰጡሽን ብይ፣ ራስሽን አትጉጂ። ለንስሐ አባትሽ በስልክ ሁኔታሽን ንገሪያቸው፤ ስለ ኑዛዜውና ስለ ቀኖናው ከእሳቸው ጋር ተነጋግረሽ ጨርሺ። በደብዳቤሽ ላይ የክርስትና ስምሽን አልጻፍሽውም። ላኪልኝ፣ እስከ ገና በጸሎት እንዲያስቡሽ ለማውቃቸው አባት እሰጣለሁ።