ያገለገለ የምግብ ዘይት ለትራክተር፦ ከዘይቱ በፊት ፖምፓውን እንይ

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ የናፍጣ ትራክተርና አንድ አዲስ ፒካፕ አለኝ። ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት ከምግብ ቤቶች በነጻ አገኛለሁ። ጎረቤቴ ዘይቱን በጨርቅ አጥልሎ ከናፍጣ ጋር እየቀላቀለ ሁለት ወር ነድቶበታል፤ ምንም አልሆነም ይላል። እኔም ልሞክረው ወይ? ሞተሩ ላይ የሚቀየር ነገር አለ? ከዘይቱ የሚተርፈውንስ ለከብቶቼ መስጠት እችላለሁ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። በምግብ ዘይት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ውስጥ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቷል። ሞተሩ ምንም ሳይንገራገጭ ስለሠራ ነገሩን ያወቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ የሞተሩ ፈጣሪ ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ በኋላ ተናግሯል። ስለዚህ ይሠራል ወይ ለሚለው መልሴ አዎ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ጎረቤትዎ በሁለት ወር ተማምነው መንዳታቸውን መቀጠላቸው ነው። ዘይት ሞተርን በፈሰሰበት ቀን አይጎዳም። ጉዳቱ ቀስ በቀስ ይጠራቀምና ብዙ ጊዜ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ብቅ ይላል።

የጉዳቱ ሥር የዘይቱ ውፍረት ነው። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ የምግብ ዘይት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። ኖዝሉ፣ ማለትም ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው የኢንጀክተር ጫፍ፣ የተሠራው ደግሞ ቀጭን ናፍጣ አድቅቆ እንዲረጭ ነው። ወፍራም ነገር ሲሰጡት በደንብ ሳያደቅ ጠብታ ጠብታ አድርጎ ይተፋዋል፤ ጠብታው በሙሉ አይቃጠልም። እንዲህ የከረመ ኖዝል ተፈትቶ ሲወጣ ቀዳዳው ዙሪያ ጠንካራ ጥቁር ጥቀርሻ የመለከት አፍ መስሎ በቅሎ ይገኛል። በጥፍር ቢፍቁት አይለቅም። ጥቀርሻው እየጨመረ በሄደ መጠን ርጭቱ ይበልጥ ይበላሻል፣ ርጭቱ ሲበላሽ ደግሞ ጥቀርሻው ይብሳል።

ከዚያ የፒስተን ፋሻዎች በጥቀርሻ ተይዘው መላወስ ያቅታቸዋል። ያልተቃጠለው ዘይት በጎናቸው ሾልኮ ታች ወርዶ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። የምግብ ዘይት በሙቀትና በአየር ብዛት እየተያያዘ ይረጋል፤ የሞተር ዘይቱንም ይዞት ይረጋና ቀጫጭኖቹን የዘይት መተላለፊያዎች ይዘጋል። ሞተሩ ዘይት እያለው ዘይት እንዳጣ ሆኖ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቆማል። ጎረቤትዎን ዛሬውኑ የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንጉን እንዲያወጡ ይንገሯቸው። ዘይት ሳይጨምሩ ልኩ ከፍ ብሎ ከተገኘ ወይም ዘይቱ በጣት ሲታሽ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ዘይቱን ከነፊልትሮው ይቀይሩ። ጠዋት ጠዋት የመጥበሻ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ፣ አልነሳ ማለት፣ ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት፣ እነዚህም ምልክቶች ናቸው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ፒካፑን ይተዉት። አዲስ ከሆነ ኮመን ሬይል መሆኑ አይቀርም፤ ሞተሩ ላይ አንድ የጋራ ወፍራም ቧንቧ ካለ፣ ከእሱ ወደ እያንዳንዱ ኢንጀክተር ቱቦ ከሄደና ኢንጀክተሮቹ የኤሌክትሪክ ሶኬት ከተሰካባቸው እሱ ነው። ይህ ሞተር ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል፤ ክፍሎቹ የሚገጣጠሙት እጅግ በጠበበ ክፍተት ነው። ቆሻሻና አሲድ ያለው ዘይት ቢገባበት የጥገናው ወጪ በዘይት ካተረፉት ናፍጣ ሁሉ ይበልጣል።

ትራክተሩ ግን ተስፋ አለው፤ የሚወስነው ፖምፓው ነው። የናፍጣ ፖምፓው ረጅም ሆኖ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በረድፍ የተደረደረ መግፊያ ካለው፣ እንዲህ ያለው ፖምፓ በአብዛኛው በሞተር ዘይት ስለሚለሰልስ ወፍራም ነዳጅ ይችላል። ክብ ሆኖ ቱቦዎቹ ከአንድ ጭንቅላት ዙሪያውን የሚወጡ ከሆነ ግን የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ነዳጅ ብቻ ነው። ቀዝቃዛና ወፍራም ዘይት ሲገባበት ይጨነቃል፤ ውስጡ ሊሰበርም ይችላል። ከፖምፓው ቀጥሎ የማቃጠያው ዓይነት ይታያል። ነዳጁ መጀመሪያ በትንሽ ቅድመ ክፍል ውስጥ የሚቃጠልባቸው ሞተሮች ዘይትን የተሻለ ይታገሣሉ። አብዛኞቹ ትራክተሮች ግን ነዳጁን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጩ ናቸው፤ ለእነዚህ ዘይቱን በደንብ ማሞቅ ግዴታ ነው።

የሚሠራው ለውጥ ሁለት የነዳጅ ጋን ማድረግ ነው። አንዱ ናፍጣ ይይዛል፣ ሌላው ዘይት። የዘይቱ ጋን፣ መስመሩና ፊልትሮው ከሞተሩ በሚወጣ የሞቀ የራዲያተር ውሃ እንዲሞቁ ይደረጋል፤ ዘይቱ ፖምፓው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ሁልጊዜ በናፍጣ ያስነሱ። ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ሲይዝ ወደ ዘይት ያዙሩ። ከማጥፋትዎ ጥቂት ደቂቃ በፊት ደግሞ ወደ ናፍጣ ይመልሱና መስመሩን ያጥቡት፤ ይህን ከረሱ ዘይቱ ፖምፓው ውስጥ ይቀዘቅዝና ጠዋት ይቸገራሉ። በዘይት የሚሠሩት ሞተሩ ጭነት ሲኖረው ብቻ ነው። ለረጅም ሰዓት የሚያርስ ትራክተር ሲሊንደሩ ስለሚግል ዘይቱን በደንብ ያቃጥላል። መኖ አድርሶ የሚጠፋ ወይም ቆሞ የሚንተከተክ ትራክተር ግን በናፍጣ ብቻ ይሥራ። በአንድ ጋን ዘይትና ናፍጣ መቀላቀል ውፍረቱን ይቀንሳል እንጂ ጥቀርሻውን አያስቀርም። ለማቅጠን ብለው ቤንዚን የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ እባክዎ ይህን አያድርጉ፣ ነዳጁ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ይሆናል።

የሞተር ዘይቱን መቀየሪያ ሰዓት በግማሽ ይቀንሱት። ይህን ወጪ ሳያስቡ የተነሱ ሰዎች ናቸው ሞተር የሚያጡት። በዚያ ላይ አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ከአንድ ሊትር ናፍጣ ትንሽ ያነሰ ጉልበት አለው፤ ስለዚህ ለዚያው ሥራ ትንሽ ጨምሮ ይበላል።

አሁን ስለ ዘይቱ። ጨርቅ ፍርፋሪ ይይዛል እንጂ ፖምፓ የሚበላውን ደቃቅ ቆሻሻ አይዝም። ዘይቱን ሞቅ ባለ ቦታ ከሳምንት በላይ ሳይነካ ያስቀምጡት። ከላይ ብቻ ይቅዱ፣ ታች የዘቀጠውን አይንኩ፣ በመጨረሻም በ5 ማይክሮን ፊልትሮ ያሳልፉት። ውሃ መኖሩን ለማወቅ ትንሽ ደረቅ መጥበሻ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በላይ ያግሉና ጥቂት ጠብታ ዘይት ያድርጉበት። ከተንጣጣ ወይም ጥቃቅን አረፋ ካወጣ ውሃ አለበት፤ ተመልሶ ይዝቀጥ። ውሃውን ላትን ብለው በርሜል ሙሉ ዘይት እሳት ላይ አይጣዱ። ታች ያለው ውሃ በድንገት ሲፈላ የጋለውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋል፤ በዚህ ሰው ይቃጠላል። ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ስብ፣ በጣም የጠቆረና የኮመጠጠ ሽታ ያለው ዘይት በነጻም ቢሰጥዎ አይቀበሉ። መስመሩ ላይ የመዳብ ቱቦ አይጠቀሙ፤ መዳብ ዘይቱ ቶሎ እንዲበላሽና እንዲረጋ ያደርጋል። ዘይት የነካ ጨርቅም ተከምሮ አይደር። ራሱን አሙቆ እሳት ሊያነሳ ስለሚችል ዘርግተው ያድርቁት ወይም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ያስቀምጡት።

ሞተሩን ከመቀየር ዘይቱን መቀየር ይሻላል ለሚሉ ሌላ መንገድ አለ፤ ባዮዲዝል። ዘይቱ ከሜታኖልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሃድ ውፍረቱ ወደ ናፍጣ ይጠጋል፣ ከሥሩም ግሊሰሪን ይለያል። ሁለተኛ ጋን አያስፈልገውም፤ ነገር ግን የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ያለሰልሳል፣ ጋን ውስጥ የቆየውን ቆሻሻም አጥቦ መጀመሪያ አካባቢ ፊልትሮ ይዘጋል። ሜታኖል በትነትም በቆዳም ገብቶ የሚመርዝ፣ ነበልባሉ በቀን ብርሃን የማይታይ ነገር ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ እንዲሠራ በፍጹም አልመክርም። ብዙ ገበሬዎች ተባብረው፣ የሠለጠነ ሰው ይዘው፣ ከመኖሪያ የራቀ አየር የሚገባው መጠለያ ካዘጋጁ ግን ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው።

ለከብት ስለመስጠት ያነሱት አሳስቦኛል። አይስጡ። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት የተበላሸ ስብ አለው፤ የሥጋ ቅሪትም ሊኖርበት ስለሚችል በሽታ ያስተላልፋል፤ በዚህ ምክንያት የሚከለክሉ አገሮች አሉ። ንጹሕ ቢሆን እንኳ ስብ የበዛበት መኖ በከብት ጨጓራ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ያዳክማል፤ ላሟ መብላት ትቀንሳለች፣ የወተቱም ቅባት ይወርዳል። ከባዮዲዝል የሚወጣው ግሊሰሪንማ ሜታኖል ስላለበት ከብቶቹ አጠገብ እንዳይደርስ። ዝቃጩን ማሳ ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አይድፉት፤ አፈሩን ሸፍኖ ውሃና አየር ይከለክላል። ጥቂት ጥቂቱን ከብዙ ደረቅ ገለባ ጋር አደባልቆ ኮምፖስት ውስጥ መጨመር ይቻላል።

ትራክተሩ ብቸኛዎ ከሆነና እሱ ሲቆም እርሻው የሚቆም ከሆነ ዘይቱን ባዮዲዝል ለሚያመርቱ ይሽጡ እላለሁ። መጠባበቂያ ካለዎት ግን መሞከር ይችላሉ፤ አስቀድመው በአካባቢዎ ስለ ነዳጅና ስለ ተሽከርካሪ ለውጥ ያለውን ደንብ ይጠይቁ። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ፖምፓው ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን፣ የሞተሩን ሞዴልና ትራክተሩ በቀን ስንት ሰዓት በጭነት እንደሚሠራ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ያንን አይቼ ለእርስዎ ትራክተር ይሆናል ወይም አይሆንም እልዎታለሁ።