ታንከሩ ሲጎድል የጠፋው ሙቀት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት የኢንጂነሪንግ ተማሪ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ጋሼ፣ ሜሹ ቆሞ ሳለ ሒሳቤ ልክ ነው። ሜሹ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን የጊዜ ደሪቬቲቩ ይበላሽብኛል። ታይም ስቴፑን ባሳንሰውም አልተሻሻለም" አለችኝ። ሜሽ ማለት ኮምፒውተሩ የሚሰላውን ነገር የሚከፋፍልበት መረብ ነው። የጊዜ ደሪቬቲቭ አንድ ነገር በጊዜ የሚለወጥበት ፍጥነት፣ ታይም ስቴፕ ደግሞ ሒሳቡ የሚራመድበት የጊዜ እርምጃ ነው። ቶሎ አልመለስኩላትም። አንድ የቡሬ ልጅ ትዝ አለኝ።

በ2001 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር አካባቢ ለአንድ ፋብሪካ ሥራ ይዘን ነበር። ፋብሪካው ለእጥበት የሚጠቀምበት ትልቅ የሙቅ ውኃ ታንከር አለው። ጥያቄው ታንከሩ ምን ያህል ሙቀት ያባክናል የሚል ነበር። ውኃው ከሥር ይቀዳል፤ ከላይ ያለው ይሞቃል፣ ታች ያለው ይቀዘቅዛል። ውኃው ሲጎድል ሜሹም አብሮ ወደ ታች እንዲጨመቅ አድርጌ ሠራሁት። የሙቀት ሥርጭቱ ደህና ወጣ። ከዚያ ብክነቱን ለማውጣት የራሴን ፎርሙላ ጻፍኩ። ኖዱ (የሜሹ መገናኛ ነጥብ) ላይ ያለውን የጊዜ ደሪቬቲቭ ወሰድኩና በፍሰት የሚሄደውን ሙቀት ደመርኩበት። ብክነቱ ብዙ ሆኖ ወጣ። እኔም አመንኩት።

ያ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ በሞዴሉ ላይ ግድግዳውንም ላዩንም ሙቀት እንዳያስወጡ ዘጋኋቸው። አሁንም ብክነት ያሳያል" አለኝ። ትንሽ ቆየና "ታንከሩን ስሞላው ደግሞ ውኃው ያለ እሳት ይሞቃል" አለ።

እዚያው ላይ መልሱን ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን "ታይም ስቴፑን አሳንስ" አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አሳነሰ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ተመልሶ ሲመጣ ወረቀት ይዞ ነበር። ታንከሩ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ሙቀት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ደምሮ፣ በቱቦው የወጣውን አስቦ፣ ሁሉንም በእጁ ጽፎታል። የጠፋ ሙቀት አልነበረም። ወረቀቱን በደንብ እንኳ አላየሁለትም። "ሪፖርቱ ዓርብ ይገባል። አርፈህ ሥዕሎቹን አስተካክል" አልኩት። ሰው ፊት ነው ያልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ጥያቄ ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ አልመጣም። ፋብሪካውም ሪፖርታችንን አምኖ ለታንከሩ የማያስፈልገውን ሽፋን ገዛ።

ነገሩ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሌላ ሥራ ላይ ነው።

የእናቴ ወገኖች የዘጌ ሰዎች ናቸው። ልጅ ሳለሁ አጎቴ በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ይዞኝ ይወጣ ነበር። ታንኳው ሲረጥብ የሚሸተው የደንገል ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። በክረምት ግልገል አባይ የሚያመጣው ደለል ውኃውን ያደፈርሰዋል። ዳር ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ያለው ውኃ ሲደፈርስ ያያል። ከውኃው ጋር የሚንሳፈፍ ሰው ሁልጊዜ ያንኑ ውኃ ያያል። አጎቴ ግን ይቀዝፋል። ከጠራው ወደ ደፈረሰው ሲቀዝፍ፣ ሐይቁ ምንም ሳይሆን፣ ለእሱ ውኃው ደፈረሰ። የሜሽ ኖድ ማለት አጎቴ ነው። በራሱ ፍጥነት የሚሄድ ሦስተኛ ሰው።

በእኛ ታንከር ውስጥ በአንድ ሜትር ከፍታ 10 ዲግሪ ልዩነት ነበር እንበል። የውኃው ገጽ በሰዓት 36 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሁለቱን አባዙ፦ በሰዓት 3.6 ዲግሪ። ገጹ ላይ ያለው ኖድ ወደ ቀዝቃዛው ስለሚወርድ ብቻ ፎርሙላዬ እዚያ ላይ ይህን ያህል "ቀዘቀዘ" ይላል። ወለሉ ላይ ያለው ኖድ ስለማይንቀሳቀስ አይሳሳትም። ታንከሩ ሲሞላ ደግሞ ኖዱ ወደ ሙቁ ይወጣል፤ ምልክቱ ይገለበጣል። ልጁ ያየው ይህን ነው። ስህተቱ የፎርሙላ እንጂ የጥራት ስላልሆነ ታይም ስቴፕ አይነካውም። የሜሹ ፍጥነት በግራዲየንቱ (ሙቀቱ በየሜትሩ በሚለያይበት መጠን) ተባዝቶ ኖዱ ከሚያሳየው ላይ መቀነስ ነበረበት። ኮምሶል የሚባለውን የሲሙሌሽን ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ሁለቱን ደሪቬቲቮች በስም ተለይተው ታገኟቸዋላችሁ። በቦታ ፍሬም (በማይንቀሳቀስ የቦታ መለኪያ) ለተጻፈ ፊዚክስ፣ ከተለዋዋጩ ስም ቀጥሎ "ቲ" ብቻ ያለበት ቋሚ ቦታ ላይ ያለውን ለውጥ ይሰጣል። "ታይም" ተብሎ የተጻፈበት ግን ሜሹን ይከተላል።

የራሳችሁን ሶልቨር (ሒሳቡን የሚፈታ ፕሮግራም) ከጻፋችሁ ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ቦታ 20 ዲግሪ የሆነ የቆመ ውኃ ውስጥ ሜሹን አንቀሳቅሱት። 20 ሆኖ ካልቀረ፣ የሴሎቹ (የሜሹ ትናንሽ ክፍሎች) ቮልዩም ለውጥና ገጾቻቸው ሲንቀሳቀሱ የጠረጉት ቮልዩም አልተገጣጠሙም። ቶማስና ሎምባርድ በ1979 እ.ኤ.አ. የጂኦሜትሪ ጥበቃ ሕግ ብለው የጻፉት ስለዚህ ነው። የእኛ ታንከር ግን ይህን ፈተና ያልፍ ነበር። ግራዲየንት በሌለበት የእኛ ዓይነት ስህተት ይደበቃል።

የዛሬ ልጆች ባለ ቀለም ቪዲዮ ትወዳላችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሙቀቱን መደመር ያደክማችኋል። እንዲህ ስል ደግሞ ያ የቡሬ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ወረቀት የያዘው እሱ ነበር። ባለ ቀለሙን ሥዕል የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ለተማሪዋ ሜሹን በተቃራኒ አቅጣጫ አንቀሳቅሽና ደውይልኝ አልኳት። ረቡዕ ማታ ደወለች። "ጋሼ፣ ምልክቱ ተገለበጠ" አለችኝ። "አንቺ ልክ ነሽ፣ ፎርሙላው ነው የተሳሳተው፤ ወረቀትሽን ይዘሽ ነይና አብረን እንየው" አልኳት።