ጥያቄና መልስ፦ ለይተን ለማን እንስጠው?

ጅማ ውስጥ ፕላስቲክና ካርቶን በሚሰበስብ ማኅበር ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ ቤት ቆሻሻ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ለመጡት ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ከሄርማታ ሰፈር፦ እኔ ለይቼ ባስቀምጥም ጋሪው መጥቶ አንድ ላይ ይገለብጠዋል። ታዲያ መለየቱ ምን ይጠቅማል?

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። እኔንም ያበሳጨኛል። ሰው ልፋቱ ዓይኑ እያየ ሲደባለቅበት በሳምንቱ ይተወዋል። ሰው የሚለየው ተቀባይ ያለውን ነው። አሮጌ ቆርቆሮ ለዩ ብሎ ያስተማረን የለም። ቆራሌው በደጃችን ስለሚያልፍ ግን ሁላችንም ጓዳ እናስቀምጥለታለን። አንድ ሰፈር መረከቢያ ስንከፍት መጀመሪያ የመጡት ልጆች ነበሩ። ወር ሳይሞላ እናቶች ሀይላንዱን ጨፍልቀው በማዳበሪያ ሞልተው ይልኩልን ጀመር። ቦታ አጥተን ስንዘጋ ያው ሀይላንድ ተመልሶ ቦይ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ለጋሪው አትስጪው። አጠራቅመሽ ለቆራሌው ስጪ።

የሀይላንዱን ክዳን ለብቻ አድርጉ የምትሉት ለምንድን ነው?

ጠርሙሱና ክዳኑ የተለያየ ፕላስቲክ ናቸው፤ የሚቀልጡበት ሙቀትም ይለያያል። ተከድኖ ከመጣ ደግሞ አየሩ አይወጣም፣ አይጨፈለቅም።

ከጂሬን ሰፈር፦ ጋሼ፣ የምግብ ትራፊውስ?

ልጄ፣ ዋናው እሱ ነው። ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ብዙው የጎመን ግንድ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ ነው። ወጥ የነካው ካርቶን ገዢ የለውም። ሌላው ቢቀር እርጥቡንና ደረቁን በሁለት ዕቃ ለዪ። ጓሮ ካለሽ እርጥቡን ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቅሽ ከምሪው፣ በየሳምንቱ አገላብጪው። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ካልሸፈንሽው ውሃ ይዞ ይሸታል። በጥቂት ወራት ጥቁር አፈር ይሆናል።

ፌስታሉን ብናቃጥለውስ?

እባካችሁ አታቃጥሉ። ጭሱን የሚተነፍሱት ልጆቻችሁ ናቸው። ፌስታል እዚህ የሚረከብ ስለሌለ መፍትሔው ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለውን ያየ ሰው ይገባዋል።

በሕግ እንገደዳለን?

ስንገደድ ቆይተናል። በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ የነበረው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513/1999 አባወራው መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ ወደተመደበለት ቦታ እንዲያደርስ ያዝ ነበር። እዚያው ላይ የከተማው አስተዳደር በቂ የመሰብሰቢያ ቦታ እንዲያዘጋጅም ያዝ ነበር። ሁለቱ ግዴታዎች አንድ ላይ ነው የተጻፉት። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ እጃችሁን አውጡና "የኛ ሰፈር መረከቢያ የት ነው?" በሉ። እኔም በኛ ሰፈር እጠይቃለሁ።