የህብለ ሰረሰር ደም ቅዳ ሲዘጋ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የሰመመን ሐኪም ነኝ፤ የሥራ ዘመኔ ያለፈው በቀዶ ጥገና ክፍልና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልግባ።

ጥያቄ፦ ስትሮክ የአንጎል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ህብለ ሰረሰርንም ይመታል?

መልስ፦ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደውን ይህን የነርቭ ገመድም ይመታል፤ ግን አልፎ አልፎ ነው። ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ይቀድምና በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ እግር ይዝላል፣ ሽንትም እምቢ ይላል። «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ማደር አይገባም።

ጥያቄ፦ ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው ተባልን።

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። ይደገም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ እግሮቹን ማንቀሳቀስ አይችልም። ነገር ግን ዓይኑን ጨፍኖ የእግሩን አውራ ጣት ስናነሳው «ወደ ላይ»፣ ስናወርደው «ወደ ታች» ይለናል። እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽው ትልቅ ምልክት ነው። የህብለ ሰረሰርን ሁለት ሦስተኛ ከፊት በኩል የሚመግበው አንድ ደም ቅዳ ብቻ ነው፤ ለኋለኛው ክፍል ግን ሁለት አሉት። የፊተኛው ሲዘጋ የእንቅስቃሴ፣ የሕመምና የሙቀት መስመሮች ይጎዳሉ። የአካልን አቀማመጥ የሚነግረን ስሜት በኋላ በኩል ስለሚያልፍ ይተርፋል። አደራ፣ እግሩ በረደው ብላችሁ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አታስጠጉት፤ ቆዳው ሲቃጠል አይሰማውም።

ጥያቄ፦ የአዳምኪቪች ደም ቅዳ ከተዘጋ ሽባ መሆን አይቀርም?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። አልበርት አዳምኪቪች በ1882 የገለጸው ይህ ደም ቅዳ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል፣ ከደረት አከርካሪ ታችኛው ክፍል አካባቢ ይገባል። ዋና መጋቢ ነው፤ ብቸኛ ግን አይደለም። በአከርካሪው ዙሪያና በጀርባ ጡንቻዎች ውስጥ እርስ በርስ የተያያዙ ጥቃቅን ቧንቧዎች አሉ። ብዙዎቹ መጋቢዎች በአንድ ጊዜ ከተዘጉ ህብለ ሰረሰሩ ይራባል፤ ቀስ በቀስ ከተዘጉ ግን የቀሩት እየሰፉ ሸክሙን ይረከባሉ። በጀርመን ላይፕዚግ የሚሠሩ ሐኪሞች ከትልቅ የአኦርታ (ከልብ የሚነሳው ዋናው ደም ቅዳ) ቀዶ ጥገና አስቀድመው ህብለ ሰረሰርን የሚመግቡ አንዳንድ ቅርንጫፎቹን በጥቃቅን የብረት ጥቅልሎች ሆን ብለው የዘጉት ይህን ተስፋ አድርገው ነው። የእያንዳንዱ ሆስፒታል የዘወትር አሠራር ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አኦርታው በተጠገነ ማግስት እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ከዳው። ቀዶ ሐኪሙ አጥፍቶ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ብቻ አጥፍቷል ማለት አይቻልም። ተተኪዎቹ ቧንቧዎች ደም የሚያደርሱት ግፊት ሲኖር ነው። የደም ግፊት ከወረደ ወይም በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ከተጫነ ምግቡ ይቋረጣል። አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ አንድ ታካሚ «እግሬ ድንጋይ ሆነብኝ» አለኝ። ግፊቱ ወርዶ ነበር። በመድኃኒት ከፍ አደረግነው፤ ከወገቡ በገባው ቀጭን ቱቦም ፈሳሹን ቀነስንለት። ሊነጋጋ ሲል የቀኝ አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ሁሉም እንደ እርሱ አይመለስም፤ ነገር ግን አስታማሚዎች፣ ሕመምተኛው «እግሬ ከበደኝ» ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በዚያችው ደቂቃ ነርሷን ጥሩ።