የእንቅልፍ ሰዓት ስብሰባ

የአንባቢ ጥያቄ፦ «ሰላም እትዬ። ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምኖረው። ቤቴ ውስጥ ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ከከፈትኩ 9 ዓመት ሆነኝ። አምና ስለ ሕፃናት አስተማሪዎች ደሞዝ የሚሟገት ጥምረት ጠርቶኝ አንዴ ተናግሬ ነበር። አሁን ደግሞ ‹የዘር ፍትሕ ኮሚቴያችንን ከአንዲት ሴት ጋር ሆነሽ ምሪልን› አሉኝ። ባለቤቴ ‹የዘር ፖለቲካ ሸሽተን መጥተን እዚህም ልትገቢበት ነው?› ይላል። እኔም ለፎቶ ብቻ ፈልገውኝ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። እንግሊዝኛዬም ለሥራዬ ይበቃኛል እንጂ ለክርክር አይሆንም። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?»
— ባለዴይኬሯ

መልስ፦ እህቴ፣ ግቢበት። አንቺ ያልኩሽ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም ብዬ ነው።

ከባለቤትሽ ልጀምር። ሰውየው ወዶ አይደለም። «ዘር» የሚለው ቃል ለእኛ ጆሮ ስንት ሰው ያስለቀሰ ቃል ነው። እዚህ አገር ግን ቃሉ የሚያወራው ስለ ቆዳ ቀለም ነው፣ ታሪኩም ሌላ ነው። እኔም መጀመሪያ ሰሞን «ይሄ የእነሱ ጣጣ ነው፣ እኔ ሐበሻ ነኝ» ባይ ነበርኩ። ዓይኔን የገለጠልኝ የደሞዝ ቼክ ነው። የታዳጊ ሕፃናት ክፍል ስሠራ አንድ ዓርብ ከባልደረባዬ ጋር ቼካችንን አስተያየን። እሷ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አያቷ የሰው ቤት ልጅ ሲያሳድጉ ነው የኖሩት። ክፍያችን እስከ ሳንቲሙ እኩል ነበር። «አያቴ ብታየው ‹ዛሬም እዚያው ናችሁ?› ትለን ነበር» ብላ ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም።

ነገሩ ሥር አለው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። በዚህ አገር ልጅ ማሳደግ ለብዙ ዘመን በባርነት የተያዙ ሴቶች ያለ ክፍያ የሠሩት ሥራ ነው። በ1938 ዝቅተኛውን ደሞዝ የሚወስነው የፌዴራል ሕግ ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን ዘለላቸው። የተካተቱት በ1974 ነው። በ2023 እንኳ ከሕፃናት ተንከባካቢዎች ግማሾቹ በሰዓት ከ14.60 ዶላር በታች ነበር የሚያገኙት። «እኔ ሐበሻ ነኝ» ስላልሽ ቼክሽ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አይለወጥም። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው። ፓርቲ ውስጥ ልትገቢ እንዳልሆነም ንገሪው። ለትርፍ ያልቆመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕጩ እንዳይደግፍ ሕጉ ይከለክለዋል። ስለ በጀትና ስለ ሕግ ግን በመጠኑ መሟገት ይችላል።

ለፎቶ ያልሽው እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል። አንድ ጥምረት ልጅ አቅፌ የተነሳሁትን ፎቶ ብሮሹሩ ፊት ላይ ለጥፎ ነበር። ድርድሩ የተደረገ ቀን ግን እኔ የሰማሁት በማግስቱ በኢሜይል ነው። ስለዚህ እሺ ከማለትሽ በፊት ቁርጡን ጠይቂ። ከከተማው ምክር ቤት አባላት ጋር ስትነጋገሩ ክፍሉ ውስጥ እኖራለሁ ወይ በያቸው። የጥምረቱ አቋም እኔ ሳልጠየቅ አይቀየርም ወይ በያቸው። ደግሞ ገንዘቡን አትፈሪው። ሌሎቹ በስብሰባው ሰዓት ደሞዝ እየተከፈላቸው ነው የሚቀመጡት። አንቺ ግን ለተተኪ ሠራተኛ ከኪስሽ እየከፈልሽ ነው። እሱን ይሸፍኑ። ይህን ስትጠይቂ ፊታቸው ከጨፈገገ መልስሽን አገኘሽ።

አሁን ስለ ሥራው ላውጋሽ። መጀመሪያ የገባሁበት ጥምረት የሚሰበሰበው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ስለ ቤት ዴይኬር በሰፊው ይወራል፤ ከባለቤቶቹ ግን አንዲትም የለችም። ረፋድ ላይ ስድስት ሕፃን ጥሎ ማን ይመጣል? ሰዓቱ እንዲቀየር ሦስት ወር ለመንኩ። በመጨረሻ ከምሳ በኋላ ሆነ፤ ልጆች በሚተኙበት ሰዓት። ያን ቀን አሥራ አንድ ሴቶች በስልክ ገቡ። ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። አንዷ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ ነበር። ከአንዷ ጀርባ የማስተኛው ማሽን ሽሽሽ ይላል። ሌላዋ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ «ተነሣብኝ» ብላ ጠፋች። የድጎማ ክፍያ ሲዘገይ ወተትና ዳይፐር በክሬዲት ካርድ እንደሚገዙ የሰማነው እዚያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰነድ ስንጽፍ ይህ ነገር አንድም መስመር አልነበረውም። የዘር ፍትሕ ሥልጠና ብዙ ተቀምጫለሁ፤ አንዳንዱ ጥሩ ነው። ከሁሉም ግን የጠቀመን ያ የሰዓት ለውጥ ነው።

ዋናው ፈተና ያለው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ጥምረት ሲጀመር ሁሉም ወንድምና እህት ነው። በጀት ሊጸድቅ ቀናት ሲቀሩ አንዱ ይመጣና «ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም፣ ትንሽ እናሳንሰው» ይላል። ሲያሳንሱት የሚወድቀው ማን ነው? እንዳየሁት ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው። የቤት ዴይኬር ባለቤቷ፣ ረዳቷ፣ ቅጹን በእንግሊዝኛ መሙላት የሚያቅታት። ያንቺ ወንበር ለዚያች ቀን ነው። «ስም ጥሩልኝ፤ ማን ወጣ?» የምትይበት ነው።

ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1965 ሄድ ስታርት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የድሃ ልጆች ቅድመ ትምህርት ፕሮግራም ሲጀመር ሚሲሲፒ ውስጥ ድሃ ጥቁር ቤተሰቦች ማዕከሎቹን ራሳቸው መሩ። እናቶች አስተማሪ ሆኑ፣ ኮሚቴ ተቀምጠው ወሰኑ፣ ከአካባቢው ነጭ አሠሪ እጅ ያልመጣ ደሞዝ አገኙ። የሚሲሲፒው ሴናተር ጆን ስቴኒስ ገንዘቡ እንዲቆም ዘመቱባቸው። ከተሟገቱላቸው አንዷ ያኔ ወጣት ጠበቃ የነበሩት ማሪያን ራይት ኤድልማን ናቸው። እኚሁ ሴት በ1971 ለመላ አገሪቱ የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ የሠራተኛ ማኅበራትን፣ የሴቶችንና የሲቪል መብት ድርጅቶችን ካሰባሰቡት አንዷ ነበሩ። የአካባቢው ሰው ፕሮግራሙን ራሱ ይምራ በሚለው አልላላም አሉ። ገንዘቡ በስቴት ገዥዎች እጅ ቢያልፍ የሚሲሲፒ ልጆች ምን እንደሚገጥማቸው አይተዋል። ሕጉ በኮንግረስ አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዲሴምበር ላይ ውድቅ አደረጉት። ትንሽ ቢላሉ ኖሮ ያልፍ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ እንጃ። ላልተው ቢያልፍ ኖሮ ለማን ነበር የሚያልፈው?

ወደ ዲሲ እንምጣ። በ2016 ከተማው የዴይኬር ማዕከል ዋና አስተማሪዎች ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይኑራቸው የሚል ደንብ አወጣ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ለልጅ የተማረ ሰው ይገባዋል። ነገር ግን ሃያ ዓመት ልጅ ያሳደገች ስደተኛ ሴት ማታ ማታ በማታውቀው ቋንቋ ኮሌጅ ልትገባ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለከተማው ፈረደ። በዚያ ሰሞን ጥምረቶች ውስጥ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሁለቱም ወገን «ለፍትሕ ነው» ይላል። እኔ የቆምኩት «ዲግሪው ይኑር፣ ትምህርቱ ግን በነፃና በሚገባቸው ቋንቋ ይሁን» ከሚሉት ጋር ነው። ከሁለቱም ወገን ተሰድቤያለሁ።

የደሞዙ ነገር ግን የተሳካልን ነው። በ2021 ምክር ቤቱ በሀብታሞች ገቢ ላይ ግብር ጨምሮ ለሕፃናት አስተማሪዎች የደሞዝ ማመጣጠኛ ፈንድ አቋቋመ። በ2022 የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ለሙሉ ሰዓት ዋና አስተማሪ እስከ 14,000፣ ለረዳት እስከ 10,000 ዶላር ደረሰ። የቤት ዴይኬሮችም አልቀሩም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። በ2024 ከንቲባዋ ፈንዱን ከበጀት ሊያወጡት ሲያስቡ ምክር ቤቱ 70 ሚሊዮን ዶላር መለሰለት። አየሽ፣ ድል እዚህ አገር የአንድ ዓመት ኪራይ ነው። በየፀደዩ ይታደሳል።

እንግሊዝኛዬ አይበቃም ያልሽው ላይ አልስማማም። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለው፤ አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ አስቀድመሽ ጠይቂ። ምክር ቤቱ ፊት ምስክርነት ስትሰጪ ብዙውን ጊዜ የሚሰጥሽ ሦስት ደቂቃ ነው። ፊትሽ ሰዓት ይቆጥራል፣ ሲያልቅ ይጮኻል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሁለቱን ደቂቃ በምስጋና ጨረስኩት። የኛ ሰው ሰላምታው አያልቅ! አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቁጥርሽን አስቀምጪ፦ ስንት ልጅ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ለረዳትሽ ስንት ትከፍያለሽ፣ ፈንዱ ቢቀር ማንን ታሰናብቻለሽ። ቤት ውስጥ በስልክሽ ሰዓት ይዘሽ ተለማመጂ። ባለቤትሽ ይስማሽ።

የአንባቢ ጥያቄ፦ «የ4 ዓመት ልጄ እዚሁ ዲሲ በመንግሥት ቅድመ መደበኛ ነው። በሳምንት ሁለቴ ‹ዛሬ አስቸግሯል፣ ውሰዱት› ብለው ይደውሉልኛል። ከሥራ ልባረር ነው። ልጄ ባለጌ አይደለም። ምን ላድርግ?»
— የአቤል አባት (ስሙ ተቀይሯል)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ አልባለገም፤ «እገዳ» ሳይባል እየታገደ ነው። የፌዴራል መንግሥት የ2011–12 መረጃ ሲወጣ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። በመንግሥት ቅድመ መደበኛ ካሉት ልጆች ጥቁሮቹ 18 በመቶ ብቻ ናቸው። ከአንዴ በላይ ከታገዱት ውስጥ ግን 48 በመቶ ነበሩ። የአራት ዓመት ልጅ፣ አስበው። ዲሲ በ2015 በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከትምህርት ቤት መታገዱንና መባረሩን የሚገድብ ሕግ አወጣ። አንዳንድ ቦታ «አግደነዋል» ማለቱ ሲከለከል «ኑና ውሰዱት» ተጀመረ። በመዝገብ ስለማይሰፍር ቁጥር ውስጥም አይገባም።

ስለዚህ አንተ መዝግበው። ደብተር ግዛ። የደወሉበትን ቀንና ሰዓት፣ ማን እንደደወለ፣ ምን እንዳለ ጻፍ። በሚቀጥለው ሲደውሉ በትሕትና «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በላቸው። ስብሰባም ጥራ፣ የአማርኛ አስተርጓሚም ጠይቅ፤ የልጅህን ጉዳይ ጎረቤት አያስተርጉምልህ። ልጁ የንግግር ወይም ሌላ ድጋፍ ያስፈልገው እንደሆነ በነፃ እንዲመረመር በጽሑፍ ማመልከት መብትህ ነው። ደብተሩ ሁለት ገጽ ሲሞላ ኮፒ አድርገህ ላክልኝ፤ ስሙን አጥፍቼ ከላይ ለጻፈችው እህታችን ኮሚቴ እሰጠዋለሁ።