የኢትዮጵያና የጃፓን የንግድና የፈጠራ ትብብር፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ላለፉት 13 ዓመታት በኢትዮጵያ ላኪዎችና በጃፓን ገዢዎች መካከል በአስተርጓሚነትና በጉዳይ አስፈጻሚነት ስሠራ ቆይቻለሁ። የሁለቱን አገሮች የንግድ ትብብር ስለ ማጠናከር የፈለጋችሁትን እንድትጠይቁ ባለፈው ሳምንት ጋብዣችሁ ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ፤ የጠያቂዎችን ስም ትቼ ሥራቸውን ብቻ ጠቅሻለሁ።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ስለ ሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ብዙ ይባላል። እውነት ጥንታዊ ነው ወይስ የዲፕሎማቶች ንግግር ነው?

ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ወዲያው በተከታዩ ዓመት ቶኪዮ ድረስ ተጉዘዋል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን በዚያን ዘመን በገበያችን ላይ በርካሽነቱ የገነነው የጃፓን የጥጥ ጨርቅ እንደ ነበር ነው። ለጃፓን ደንበኛ የሆንነው ሻጭ ከመሆናችን በፊት ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜያቸው የገፋ ጃፓናውያን ዘንድ አበበ ቢቂላን ባነሣሁ ቁጥር እ.ኤ.አ. የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን እያስታወሱ ፊታቸው ይፈታል። ይህ ለሻይ ሰዓት ጥሩ መግቢያ ነው፤ ዋጋ ላይ ሲደረስ ግን ማንም አያነሣውም።

ጥያቄ (ቡና ላኪ፣ ይርጋጨፌ)፦ ናሙና ልኬ ገዢው ወድዶት ነበር፤ ዋጋም ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ አዲስ ጥያቄና አዲስ ሰነድ ይጠይቀኛል። አላመነኝም ማለት ነው?

ወንድሜ፣ ነገሩ እርስዎን ያለማመን ጉዳይ አይደለም፤ ከእርስዎ በፊት የሆነ ታሪክ አለው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2006 ጀምሮ በምግብ ላይ ለሚገኝ ቅሪተ ፀረ ተባይ ጥብቅ ሥርዓት አውጥታለች። የራሱ ገደብ ያልተወሰነለት ኬሚካል ሁሉ በኪሎ ከ0.01 ሚሊግራም በላይ ከተገኘ ዕቃው አይገባም። በ2008 እ.ኤ.አ. የእኛ ቡና ላይ ከገደቡ ያለፈ ቅሪት ተገኘና ከዋነኞቹ ገዢዎቻችን አንዷ የነበረችው ጃፓን የምትወስደው ቡና በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። በጣም የሚያንገበግበው፣ ጥርጣሬው የወደቀው በገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ መሆኑ ነው። ገበሬያችን አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካል የመግዣ አቅም እንኳ የለውም፤ ቡናው ግን በሌላ ነገር በተበከለ ጆንያ ምክንያት ተቀጣ።

ስለዚህ ገዢዎ ጆንያው ከየት እንደ መጣ፣ መጋዘኑ ውስጥ ከቡናው ጎን ምን እንደ ተቀመጠ፣ መኪናው ከዚያ በፊት ምን ጭኖ እንደ ነበር ቢጠይቅዎ አይከፉ። ከዚህ በፊት አብሬያቸው የሠራኋቸው አንድ ላኪ ለዚህ ሁሉ አንድ ቀላል ዘዴ ነበራቸው። በሚጫንበት ቀን የመጋዘኑን ወለል፣ የአዳዲሶቹን ጆንያዎች እስር ከነማሰሪያው፣ የውስጠኛውን ከረጢት፣ የእርጥበት መለኪያውን ንባብና የኮንቴይነሩን ባዶ ሆድ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው፣ ሳይጠየቁ ይልኩ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ጥያቄው በግማሽ ቀነሰ። ሌላው ላኪ ደግሞ ከናሙናው የተሻለ ቡና በመላካቸው ቅሬታ ቀርቦባቸው ያውቃል! ገዢው የቡናውን አቆላል ያስተካከለው በናሙናው ጣዕም ነበር፤ የተለየው ነገር የተሻለ መሆኑ አላጽናናውም። የጃፓን ገዢ ከውድ ዋጋ ይልቅ መዋዠቅን ይፈራል የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃፓናውያን የኢትዮጵያን ቡና በጥቅሉ «ሞካ» ብለው ሲጠሩት ኖረዋል። «ሲዳሞ» እና «ይርጋጨፌ» የሚሉትን ስሞች መንግሥታችን በዚያ አገር በንግድ ምልክትነት ሲያስመዘግብ የጃፓን ቡና ማኅበር ተቃውሞ ጉዳዩ እስከ አእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ምልክቶቹ ከእነዚያ አካባቢዎች ለሚመጣ ቡና እንዲጸኑ ወሰነ። የአካባቢዎን ስም በጆንያው ላይ በትክክል ማተም ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልዎ።

ጥያቄ (የምርት ክፍል ኃላፊ፣ የጫማ ፋብሪካ)፦ ካይዘን ሰልጥነናል፣ ግድግዳው ሁሉ በማስታወቂያ ተሞልቷል፤ ምርታማነቱ ግን ያው ነው። የት ተሳሳትን?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቋል። ካይዘን ሥራን በትንንሽ ለውጦች ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ነው። መነሻውን ላስታውስ፦ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓኖች በቱኒዚያ የሠሩትን የካይዘን ሥራ ካወቁ በኋላ ለኢትዮጵያም ጠየቁ። በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት፣ በጃይካ፣ ድጋፍ ወደ 30 በሚጠጉ ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። «አምስቱ ማዎች» የምንላቸው ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅም በየፋብሪካው ታወቁ።

ችግሩ አብዛኞቻችን ሦስተኛው ላይ መቆማችን ይመስለኛል። ካይዘን በብዙ ቦታ የጽዳት ዘመቻ ሆኗል፤ እንግዳ ሲመጣ ወለሉ ይታጠባል፣ እንግዳው ሲሄድ ነገሩ ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ያየሁትን ልንገርዎ። የቆዳ መቁረጫ ፎርማዎች ከግድግዳው ላይ በየቅርጻቸው በተሣለ ጥላ ውስጥ ተሰቅለው ነበር፤ የጎደለው ከሩቅ ይታያል፤ በጣም ያምራል። ነገር ግን በብዛት የሚፈለገው የቁጥር 41 ፎርማ የተሰቀለው ከቆራጩ ራስ በላይ ነበርና ሰውየው በየጊዜው በርጩማ እየሳበ ይወጣ ነበር። ለምን አውርደህ ከጎንህ አትሰቅለውም ብለው ጃፓናዊው አማካሪ በእኔ አስተርጓሚነት ሲጠይቁት፣ «አለቃ ሳያዝ እንዴት ይነካል?» አለ። አማካሪው በቀሪው ሰዓት ስለ ፎርማው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስለ አለቃው ሲያወሩ ዋሉ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ማስታወቂያውን ትታችሁ ሠራተኛው ያቀረበው ሐሳብ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ ቁጠሩ የሚል ነው። ለቀረበው ሐሳብ «አይሆንም፣ ምክንያቱም» የሚል መልስ እንኳ ቢሰጥ ዝም ከማለት ይሻላል።

ጥያቄ (የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)፦ ስታርታፕ አለን። ከጃፓን አጋር ወይም ገንዘብ ለማግኘት ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ የምታገኟቸውን ተቋማት ለዩ። የጃፓን የውጭ ንግድ ድርጅት፣ ጄትሮ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቢሮ አለው፤ ገንዘብ አይሰጥም፣ ኩባንያዎችን ያገናኛል። ጃይካ ደግሞ «ኒንጃ» በሚባለው ፕሮግራሙ ጀማሪ ድርጅቶችን ይደግፋል። ጃፓን ከአፍሪካ አገሮች ጋር በምታካሂደው የቲካድ ጉባኤ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. የታወጀው፣ ለአፍሪካ ወጣቶች የሚሰጠው የትምህርት ዕድል፣ የኤቢኢ ኢኒሼቲቭ፣ የማስተርስ ትምህርትን በጃፓን ኩባንያ ውስጥ ከሚደረግ ልምምድ ጋር ያጣምራል። ከእነዚህ ሁሉ የምመርጠው የመጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ተምረው የተመለሱት ልጆች ስልክ ደውለው የሚያነጋግሩት ሰው አላቸው፤ ሌላው ሁሉ ገና ያን ሰው እየፈለገ ነው።

ሕጉን በተመለከተ በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ ለአንድ ፕሮጀክት 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በሽርክና ሲገባ ደግሞ 150,000 ዶላር ዝቅተኛ ካፒታል ይጠየቃል። ይህ ለትልቅ ኩባንያ ምንም አይደለም፤ ለትንሽ የቶኪዮ ስታርታፕ ግን ከባድ ነውና በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንሡት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ መሆኑም «ትርፌን እንዴት አወጣለሁ?» ለሚለው የቆየ ጥያቄያቸው ከበፊቱ የተሻለ መልስ ያስገኛል፤ ሙሉ መልስ ነው ግን አልልም።

የሚሠራ ምሳሌ ከፈለጋችሁ በጃፓናዊ መሥራች የተቋቋመውንና በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሚገጣጥመውን ዶዳይን ተመልከቱ። ፈጠራው ሞተሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ባትሪው የሚሞላበትን ወይም የሚለወጥበትን መንገድ ለከተማው ሁኔታ ማበጀቱ ነው። የጃፓን አጋር ከእናንተ የሚፈልገውም ይኸው የአካባቢ እውቀት ነው።

ጥያቄ (ነጋዴ፣ መርካቶ)፦ ጃፓንኛ መማር ግዴታ ነው?

አይደለም። ነገር ግን ኢሜይል በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ «ደርሶኛል፣ መልሱን ሐሙስ እልካለሁ» ብሎ መጻፍና ሐሙስ መላክ ግዴታ ነው።

ጥያቄ (ጡረተኛ መምህር)፦ እነርሱ ቶዮታ ይሸጡልናል፣ እኛ ጥሬ ቡና እንሸጣለን። ይህ ትብብር ይባላል?

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ከቪትዝ እስከ ዶልፊን ሚኒባስ ድረስ መንገዳችን የእነርሱ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ሚዛን መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ የጃፓን ኩባንያዎች በኤሌክትሪክ መኪና ከቻይናዎቹ ኋላ ናቸውና። እኔ ተስፋ የማደርገው በቆዳ ላይ ነው። የደጋ በጎቻችን ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጎልፍ ጓንት ተፈላጊ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም «አንዱ ዓመት» የሚባለው በጃፓናዊት ዲዛይነር የተመሠረተ ድርጅት በዚሁ ሌጦ ቦርሳ እየሠራ ቶኪዮ ላይ ይሸጣል። ብዛቱ ትንሽ ነው፤ የሚሄደው ግን ያለቀለት ዕቃ ነው። ዋናው እንቅፋት በእርባታ ላይ በሚደርስ የቆዳ በሽታና በዕርድ ጊዜ በቢላ የሚቀደደው ሌጦ ነው፤ ይህን ደግሞ ጃፓን አትፈታልንም።

ጥያቄ (የጉዞ ወኪል)፦ የቪዲዮ ስብሰባ ስንቀጥር ሰዓቱ ይምታታብናል።

ቶኪዮ ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛም በአቆጣጠራችን ከሌላው ዓለም በ6 ሰዓት ወደ ኋላ እንቆጥራለን። ስለዚህ በእነርሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት በእኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ሁልጊዜ አንድ ነው! ለአስታዋሽነት ከዚህ የሚመች ነገር አላየሁም። በውል ላይ ግን ሰዓቱንም ዓመቱንም በእነርሱ በሚገባው አቆጣጠር ጻፉ፤ የመስከረም 2017 ሰነድ አንድ ጊዜ «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ ተመልሶብኛል።

ጥያቄ (ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ የምትኖር ኢትዮጵያዊት)፦ እኔ ነጋዴ አይደለሁም። ከዚህ ሆኜ ምን ላግዝ?

እኅቴ፣ ሱፐርማርኬት ሲገቡ የኢትዮጵያ ቡና የተጻፈበትን ከረጢት ሁሉ ፎቶ ያንሡልን፤ ከፊትም ከኋላም። የቱ አካባቢ ስም ተጽፏል፣ ስንት ግራም በስንት የን፣ ቀኑ እንዴት ታትሟል፣ ጣዕሙ በምን ቃል ተገልጿል? እዚህ ያሉት ላኪዎች ቡናቸው በመጨረሻ ምን መስሎ መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ አይተው አያውቁም። የሚልኩትን ፎቶ ተርጉሜ ከላይ ለጠየቁት የይርጋጨፌው ወንድማችን በመጀመሪያ አደርሳለሁ።