ሄድ ሃንተርስን እንዴት ላዳምጠው?

ጥያቄ፦ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹን የኸርቢ ሃንኮክን «ሄድ ሃንተርስ» የተባለ አልበም ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ግን ደጋግሜ ብሞክረውም ያው አንድ ነገር ሲመላለስ ነው የሚሰማኝ። ምኑ አምልጦኝ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መመላለሱ እኮ ነው ጣዕሙ! እስቲ የአልበሙን የመጀመሪያ ሥራ «ካሚሊየን»ን በጥሩ ማዳመጫ ክፈተውና ጆሮህን ቤዙ (ዝቅተኛው ወፍራም ድምፅ) ላይ ጣል። ያ የሚመላለሰው ወፍራም ድምፅ ኸርቢ ራሱ በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥር ኪቦርድ፣ የሚጫወተው ነው። ከዚያ የሃርቪ ሜሰን ድራም ይገባል፤ ቀጥሎ ጊታር የሚመስል ቀጭን ድምፅ ትሰማለህ፣ እሱ ደግሞ ፖል ጃክሰን ቤዝ ጊታሩን በላይኛው ድምፅ ሲጫወተው ነው። አልበሙ ላይ ጊታሪስት የሚባል የለም። ሥራው ከ15 ደቂቃ በላይ ነው፣ ግን አደራ መሃል ላይ እንዳታቋርጠው፤ ግማሹ አካባቢ ምቱ ይቀየርና የኤሌክትሪክ ፒያኖው ሶሎ ይመጣል። ለእኔ የአልበሙ ምርጥ ቦታ እሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ሥራ፣ ወደ «ዋተርሜለን ማን» ስትሄድ መጀመሪያ ኸርቢ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣውን ስማ፣ ከዚያ ወደዚህኛው፣ ወደ 1973ቱ ተመለስ። አንድ ዜማ ይህን ያህል ሲለወጥ ትገረማለህ። የ1973ቱ መግቢያ ላይ ዋሽንት የሚመስለው ድምፅ የባንዱ የምት መሣሪያዎች ተጫዋች ቢል ሰመርስ የቢራ ጠርሙስ ሲነፋ ነው፤ መነሻው የመካከለኛው አፍሪካ የደን ነዋሪዎች ሙዚቃ ነው። የቀሩት ሁለቱ ሥራዎች ለጊዜው ይቆዩህ።